በሩን ዝጋው፣ አባባ

ተኚ እላለሁ ለራሴ፣ ተኚ እንጂ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስታጥቢና ስትተኩሺ አድረሽ አሁን ደግሞ ጣራ ላይ ማፍጠጥ ምንድን ነው፣ ግን እንዴት ብዬ ልተኛ፣ ፀሐዩ በመጋረጃው ጎንና ጎን ይገባል፣ ፎቅ ላይ ያለው ሰውዬ ግድግዳውን ይበሳል፣ ሁልጊዜ ይበሳል፣ ያ ግድግዳ እስካሁን እንዴት እንዳልወደቀ እንጃለት፣ ስልኩ ትራሴ ስር ነው፣ ወንድሜ ደግሞ ከሰዓት በኋላ አባባን አገናኝሻለሁ፣ እንቅልፍ እንዳይወስድሽ ብሎኛል። እንቅልፍ እንዳይወስደኝ! ሆ! ይሄ ልጅ እኮ ያሾፋል። ስኳር ያለበት አባቴ፣ መርፌው ከማቀዝቀዣ ከወጣ የሚበላሽበት ሰውዬ፣ ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል። እና ለምን ታሰረ ቢሉኝ፣ ሰው ደብድቦ አይደለም፣ ሰርቆ አይደለም፣ በር አልዘጋም ብሎ ነው። በር! ስናገረው ራሴን ያመኛል።

ለስንቱ ሰው አስረድቼ አፌ ደረቀ፣ አሁንም ለራሴ አስረዳለሁ። የእኛ ሰዎች ጥቂት ነን፣ ሁላችንም ብንሰበሰብ አንድ አውቶቡስ አንሞላም። መሪ የለን፣ ሕንፃ የለን፣ ደወል የለን፣ የምንጸልየው በየቤታችን ነው፣ አንድ ሕግ ብቻ አለን፣ እሱም ከአያት ቅድመ አያት የመጣ፣ ስንጸልይ የቤቱ በር ወለል ብሎ ይከፈታል። የመንገዱ በር ነው የምለው፣ የጓዳው አይደለም። የሚያልፍ ሰው መግባት ካሻው ማንንም ሳያስፈቅድ ይግባ ተብሎ። በር ዘግቶ ለራስ ብቻ የሚደረግ ጸሎት እኛ ዘንድ ጸሎት አይባልም፣ ማጉተምተም ነው የሚባለው። ሌላው ሁሉ ቢጎድል ይታለፋል፣ ይሄ አይታለፍም። የሰፈሩ ሰው በረ ክፍቶች ይለናል፣ የመንግሥት ሰዎች ደግሞ ያልተፈቀደ ስብሰባ ይሉናል። እስቲ ይታይ፣ የተከለከለ እምነት ይዞ በር ከፍቶ መቀመጥ! ሌላው የተከለከለ ሁሉ ጓዳ ይገባል፣ ምድር ቤት ይወርዳል፣ ድምፁን ይቀንሳል፣ ኑና እሰሩን ብለን በር የምንበረግድ እኛ ብቻ ነን። ይሄን ሳስብ ደሜ ይፈላል፣ በሚያስሩንም በእኛም።

ቤታችን ልብስ ስፌት ቤት ነው። አባባ ቀን ቀን የስፌት መኪናውን በሩ አጠገብ አድርጎ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ በጸሎቱ ምሽት ጨርቁን ወደ ጥግ ይገፋና ወንበር ይደረድራል። ያ በር ያላስገባው ነገር የለም። ውሻ አስገብቷል። መንገድ የጠፋባት ሴትዮ ገብታ እስክንጨርስ ቁጭ ብላ፣ ከዚያ የአውቶቡስ ፌርማታውን ጠይቃ ሄዳለች። አንድ ሰካራም ገብቶ እናቴ እግር ስር ተኝቶ አደረ፣ በሚቀጥለውም መጣ፣ መምጣቱን ሳይተው መጠጡን ተወ፣ ዛሬ ከሁላችንም የጠነከረ እሱ ነው፣ ግን ስሙ ሰካራሙ እንደሆነ ቀረ፣ ራሱም ስልክ ሲያነሳ “ሰካራሙ ነኝ” ነው የሚለው። ጆሮ ጠቢም ገብቷል። ጆሮ ጠቢ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፣ ሁልጊዜ በዚያው ኮት ይመጣል፣ አባባ ግን ሰው አስነስቶ ደህናውን ወንበር ይሰጠዋል፣ “ነፋስ እንዳይመታህ ወደዚህ ጠጋ በል” ይለዋል። አባባ፣ ሰውዬው እኮ ሊያስበላህ ነው የመጣው ስለው፣ “ከገባ እንግዳ ነው፣ ደግሞ ሲያንቀላፋ አላየሽም? ሥራ በዝቶበት ነው” አለኝ። ልቤን ውልቅ አደረገው። ሰውዬውም እንቅልፉን ሲለጥጥ አምሽቶ ሄደና ያልሰማውን ሁሉ ጽፎ አቀረበ። አሁን አባባም ሌሎቹም የታሰሩት በእሱ ነው።

ጠዋት ከሥራ ስወጣ ነው ወንድሜ የደወለው፣ እጄ ገና የሳሙና ሽታ አለው፣ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው። ወንድሜ ሹፌር ነው። ከእኛ ከወጣ ቆየ፣ “እኔ መሪ ይዤ ነው የምጸልየው፣ በር ከፍቼ ብነዳ ትራፊክ ይቀጣኛል” እያለ ያሾፋል፣ ግን በየቀኑ መርፌውን በበረዶ ጠቅልሎ እስር ቤቱ በር ላይ የሚቆመው እሱ ነው፣ እኛ አማኞቹማ ወይ ታስረናል ወይ እዚህ አንሶላ እናጥባለን።

“እትዬ፣ ካንቺ በቀር የሚሰማው ሰው የለም” አለኝ።

“አንተ አትነግረውም?”

“ነገርኩታ። ‘አንተ ሹፌር ነህ፣ መንገድህን ንዳ’ አለኝ።”

“እግሩስ?”

“እብጠቱ ወደ ላይ ወጥቷል። ሐኪሙ እዚህ ከቆየ እግሩን አያተርፈውም ብሏል፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ሐኪሙ ነው። የእስር ቤቱ አዛዥ ደግሞ ‘ዛሬ ከሰዓት በሩን እዘጋለሁ ብሎ ቃል ከሰጠኝ ሁሉንም ዛሬውኑ እለቃለሁ፣ እምቢ ካለ ነገ ወደ ትልቁ እስር ቤት እልካቸዋለሁ’ ብሎኛል። እዚያ መርፌ ማስገባት የሚባል ነገር የለም፣ እትዬ።”

“ሌሎቹስ ምን ይላሉ?”

“ሌሎቹ የእሱን ዓይን ነው የሚያዩት። ሰካራሙ እንኳ ‘ጋሼ ካለ እዘጋለሁ፣ ካላለ አልዘጋም’ ይላል። በናትሽ፣ ዝጋው በይው። አንድ በር እኮ ነው!”

አንድ በር እኮ ነው። እኔ ራሴ እዚህ የተቀመጥኩት በዚያ አንድ በር ነው። መጀመሪያ የታሰርኩት እኔ ነበርኩ፣ ተፈታሁ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሊመጡብኝ ሲሉ አባባ አንቺ ሂጂ አለኝና ከአገር ወጣሁ፣ ከዚያ እዚህ ጥገኝነት ስጠይቅ አንዲት መነጽር ያደረገች መርማሪ ፊት ተቀምጫለሁ፣ አስተርጓሚው ጎኔ ነው፣ ትጠይቀኛለች፣ እመልሳለሁ፣ “ታዲያ ለምን በሩን ዘግታችሁ አትጸልዩም?” ትለኛለች። አስረዳሁ። ጻፈች። ውሃ ጠጣች። “ይቅርታ፣ አሁንም አልገባኝም፣ በሩን ብትዘጉት ኖሮ ማንም አይነካችሁም ነበር ማለት ነው?” አስተርጓሚው፣ የአገሬ ሰው፣ ማስተርጎሙን ትቶ “እህቴ፣ እውነት ግን ለምን አትዘጉትም?” አይለኝም! ኤዲያ! ያን ቀን ለዚያ በር እንደ ጠበቃ ተሟገትኩለት፣ ላቤ እስኪወርድ። በር ዘግቶ መጸለይማ ድሮም ማንም አልከለከለንም፣ የተከለከልነው ልክ ይሄንኑ ነው አልኩ፣ የምታምኚውን ግማሹን ቆርጠሽ ጣይና በቀረው እመኚ መባል ፈቃድ አይደለም አልኩ፣ አለቀስኩም መሰለኝ። አመነችኝ። እንድኖር ተፈቀደልኝ። እና ዛሬ እኔው ጠበቃዋ አልጋ ላይ ተጋድሜ የምጠብቀው አባቴን ምን ልለው ነው? በሩን ዝጋው ልለው። እፍረቱ ፊቴን ያቃጥለኛል።

ደግሞ የዚህ ቤት በር አለ። ወይ የዚህ ቤት በር! ኮሪደሩ ላይ ያሉት በሮች ሁሉ ከላያቸው የብረት ክንድ አላቸው፣ ከፍተሽ ስትለቂው ራሱን በራሱ ይመለስና ድም ብሎ ይዘጋል። ለእሳት ነው አሉኝ፣ እሳት ቢነሳ በሩ ከተዘጋ ጭሱ አይዛመትም። እንደመጣሁ ጫማ ወሸቅኩበትና ጸለይኩ፣ የሕንፃው ኃላፊ መጣ። ትሁት ሰው ነው፣ የሚያበሽቀኝም እሱ ነው፣ ቢጮህብኝ እጮህበት ነበር። ጸሎት ላይ ነኝ አልኩት በምችላት ቋንቋ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “ሃይማኖትዎን አከብራለሁ፣ እዚህ ማንም ሰው የፈለገውን ማምለክ ይችላል፣ በሩ ብቻ ይዘጋ” አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ መጣ፣ አሁንም እጁ ደረቱ ላይ ነው፣ ከዚህ በኋላ ክፍት ካገኘው ክፍሉን እንደምለቅ ነገረኝ፣ በትህትና። ጫማዬን አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በተዘጋ በር አጉተመትማለሁ፣ ሥራው ሲያደክመኝ እሱንም እተወዋለሁ። እና ያ አባባን ያሰረው አዛዥ ለወንድሜ ምን አለው? “እኛ እምነታቸውን አልነካንም፣ ሽማግሌውንም አከብራለሁ፣ ሱሪዬን የሚያሳጥርልኝ እሱ አይደል፣ በሩን ብቻ ይዝጋ።” ቃል በቃል! ሁለቱ ሰዎች አንድ ክፍል የተማሩ ነው የሚመስለው። ልዩነቱ ጠፍቶኝ አይደለም፣ ይሄኛው የሚዘጋው እንዳልቃጠል ነው፣ ያኛው ደግሞ እንዳልታይ ነው፣ እዚህ ክፍል ብለቅ ሌላ ክፍል እከራያለሁ፣ እዚያ ግን አባቴ እግሩን ይለቃል። ልዩነቱማ ግልጽ ነው። ግን በሁለቱም አገር የተዘጋ በር ውስጥ ነኝ። አባባ በየስልኩ “እዛስ ነጻ ነሽ?” ይለኛል፣ “ነጻ ነኝ” እለዋለሁ። ውሸት አይደለም፣ ማን ከለከለኝ።

ትናንት ደግሞ እምነት እንዲከበር ለሚሟገቱት ሰዎች ቢሮ ደወልኩ። ማሽን አነሳው። ለዚህ ይህን ይጫኑ፣ ለዚያ ያን ይጫኑ፣ ሙዚቃ፣ አሁንም ሙዚቃ፣ ከዚያ አንድ ለጋ ድምፅ መጣና “የታሰሩት የየትኛው እምነት ተከታይ ናቸው?” አለኝ። ነገርኩት። ኮምፒውተሩን ሲነካካ ይሰማኛል። “አይወጣልኝም፣ ሌላ መጠሪያ አላችሁ?” የለንም። “እንግዲያው ‘ሌላ’ በሚለው ውስጥ ላስገባዎት?” አስገባኝ አልኩት፣ ምን ምርጫ አለኝ፣ አገር ቤት ያልተፈቀደ፣ እዚህ ሌላ። “ከመታሰራቸው በፊት ባለሥልጣናቱ ያቀረቡላቸው አማራጭ ነበር?” አዎ፣ በር መዝጋት። ኮምፒውተሩን መነካካቱ ቆመ። ይሄን አውቀዋለሁ፣ ያቺ መነጽር ያደረገችው ሴትዮም ውሃ የጠጣችው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ “እናሳውቅዎታለን” አለኝ። እስኪያሳውቁኝ የአባባ እግር የሚጠብቃቸው መስሏቸዋል።

እማዬ በሩ አጠገብ ነበር የምትቀመጠው፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ። “እኛን የሚጨርሰን ይሄ ነፋስ ነው እንጂ ፖሊሱስ ለነገሩ ነው” ትላለች፣ ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ሳል ያዛት። ሳሉ ከረመ፣ ሐኪሙ ሳንባ ነው አለ፣ ከነፋስ ተጠበቂ አለ፣ እሷ ግን በዚያው ወንበር፣ በዚያው በር። አንድ ምሽት ተነሳሁና በሩን ገርበብ አደረግኩት፣ ትንሽ፣ አባባ ተነስቶ ወለል አድርጎ መለሰው። እማዬም “ተዪው፣ ሰው ይመጣ ይሆናል” አለችኝ። ማንም አልመጣም። በዚያው ክረምት ሞተች። በሩ ነው የገደላት ብዬ ለአባባ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም፣ ዛሬ እምቢ ካለኝ ግን እሱን ነው የምወረውርበት፣ የት እንደሚመታው አውቃለሁ፣ ከዚያ ይዘጋል፣ ይዘጋታል። አፈር ልብላ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ። ግን ምን ላድርግ፣ እናቴን ለነፋሱ ሰጥቼ አባቴን ለሲሚንቶው ልስጥ? እግዜር ራሱ አንድ ጊዜ እንኳ ዝጉት ብሎ ቢገላግለን ምን አለበት!

ስልኩ ጮኸ። ከወንድሜ ትንፋሽ በኋላ የብረት ድምፅ፣ ከዚያ አባባ።

“ልጄ፣ ተኝተሽ ነበር?”

“አልተኛሁም።”

“ሌሊት ሠርተሽ ቀን ካልተኛሽ እንዴት ይሆናል? ሰው በዚህ ዓይነት ይኖራል?” ይሄው! እስር ቤት ተቀምጦ የእኔ እንቅልፍ ነው ያሳሰበው።

“እግርህ እንዴት ነው?”

“አለ፣ የት ይሄዳል።”

“አባባ፣ ስማኝ። በሩን ዝጋው። እዘጋለሁ በላቸውና ውጣ።”

ከኋላው ሰው ያስላል፣ ሰካራሙ ይመስለኛል። “አንቺም?” አለኝ። ጮክ አላለም፣ አልተቆጣም፣ አንቺም ብቻ አለ፣ እኔ ግን ተናድጄ ነበር፣ ስንት ዓመት የተጠራቀመ ንዴት ነው የወጣው፣ “አዎ፣ እኔም! እግርህ ይቆረጣል አባባ፣ ገባህ? ልብስ ሰፊ ነህ፣ መኪናውን በምንህ ልትረግጠው ነው? ሰካራሙ ያንተን አፍ ነው የሚያየው፣ ሁሉም ያንተን አፍ ነው የሚያዩት፣ አንተ ደግሞ በር! በር! እማዬ እኮ” አልኩና ቆምኩ።

“እማዬ ምን?”

“ምንም።”

ዋጥኩት። እንደ ድንጋይ ነው የወረደው። አባባ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ከዚያ ያልሽኝን አደርጋለሁ። አንቺ እዛ ስትጸልዪ በሩ ይከፈታል?”

በሩን አየሁት። ከአልጋዬ ፊት ለፊት ነው፣ የብረት ክንዱ ከላዩ እንደተለጠፈ።

“ይከፈታል” አልኩት።

“ወለል ብሎ?”

“ወለል ብሎ።”

“ሰው ይገባል?”

“አንዳንዴ።”

“ማን?” ይሄ ሰውዬ ዝርዝር ካላገኘ አይተኛ! “አንዲት ጎረቤት አለች” አልኩት፣ “ከገበያ ስትመለስ ዕቃዋን እንደያዘች ትቆማለች፣ ትንሽ ትሰማለች፣ አንዳንዴም ትቀመጣለች።” ፊቷን ሁሉ ፈጠርኩላት፣ ጃኬቷን ፈጠርኩላት።

“ቋንቋችንን ሳታውቅ?”

“ሳታውቅ።”

ሳቀ። አባቴ እስር ቤት ውስጥ በደስታ ሳቀ። “እንግዲያስ አለ ማለት ነው” አለኝ። “እናንተ ግትር ትሉኛላችሁ። እኔ የፈራሁት የእኔ በር የመጨረሻው እንዳይሆን ነው። አባቶቻችን በክፉ ቀን እንዲህ ያደርጉ ነበር፣ አንድ ቤት ክፍት ካለ የቀረነው ዘግተን ከእሱ ጋር እንጸልያለን፣ ከእሱ ጋር ከሆነ ማጉተምተም አይባልም። ያ ቤት የት አለ ብዬ ነው ስጨነቅ የከረምኩት። ለካ አንቺ ዘንድ ነው! ምነው እስከዛሬ ሳትነግሪኝ? በይ፣ እዘጋለሁ። ቆይ፣ ለአዛዡ ልንገረው።”

ቆይ አባባ ልል ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። እግሩን አሰብኩና ዘጋሁት፣ ስልኩም ተዘጋ፣ ያ ሰውዬ ፎቅ ላይ እንደገና መብሳት ጀመረ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ይወጣል እኮ፣ ደስ ይበልሽ እንጂ እላለሁ፣ አይለኝም። ከመተኛት ያለፈ ነገር ነው፣ ተነሳሁና ሳያስፈልግ ሳህን አጠብኩ።

ፀሐይ ስትገባ ወንድሜ ደወለ። መኪና ውስጥ ናቸው። “ሁሉም ወጡ” አለኝ፣ ድምፁ ደርቋል፣ ያለቀሰ ይመስለኛል። “አባባ ኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል፣ ሐኪም ቤት እየወሰድኩት ነው። ሰካራሙ እግሩን ታቅፎ ይዞለታል። እትዬ፣ ለሁሉም ነግሯቸዋል፣ ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ ፖሊሶቹ እየሰሙ፣ ‘ክፍቱ ቤት የልጄ ነው’ አላቸው። ዛሬ የጸሎት ቀን አይደል፣ የእዛን ሰዓት ጠይቆኝ ከእኛ ሰዓት ጋር አስልቶላቸዋል፣ ሁሉም ዘግተው ካንቺ ጋር ሊጸልዩ ነው። ጀምሪ ብሎሻል።”

“ዛሬ?”

“ዛሬ። አሁን ነው ሰዓቱ።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እትዬ፣ ተኝቷል፣ አይሰማም። እውነት ክፍት ነው?”

“መኪናህን ንዳ።”

“የምጠይቅሽ ሌላ ነገር አይደለም፣ እኔም ቤት ስገባ”

“ንዳ አልኩህ!”

ዘጋሁበት። እኔም ቤት ስገባ ምን? እሱም ሊጸልይ ነው? ያ ሹፌር? በሉ እንግዲህ! ስንት ዓመት በራችሁን ዝጉ ስባል ኖሬ፣ አሁን የሰው ሁሉ በር እኔ ላይ ተዘጋ። ሂጂና ዋሽቻለሁ በይ ይለኛል አንዱ ልቤ፣ ሌላው ደግሞ ዝም ብለሽ አጉተምትሚ፣ ማን ያይሻል ይለኛል፣ ማንም አያየኝም፣ እሱ ነው የሚያናድደው፣ ማንም አያየኝም። ሥራ መግቢያዬ ደርሷል፣ ዩኒፎርሜን ለብሻለሁ። በሩን ከፈትኩት። ክንዱ ወዲያው መጎተት ጀመረ። ጫማ አልወሸቅኩም፣ ደፉ ላይ መሬት ቁጭ ብዬ ጀርባዬን አስደገፍኩበት፣ ከባድ ነው፣ ትከሻዬን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ኃላፊው ቢመጣ ይምጣ፣ ያስወጣኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያስወጣኝ። ጀመርኩ። ድምፄ ኮሪደሩ ውስጥ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። ከጥግ የአንዱ ክፍል በር ሲከፈት ሰማሁ፣ እግር ወደ እኔ ይመጣል፣ የማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም። እግሬን ሰበሰብኩና፣ በሩን በጀርባዬ ይበልጥ ገፍቼ፣ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ለቀቅኩ።